ሽበቱ የዞረ ቡና

ባለፈው ሳምንት የመንገድ ቀያሾች መጥተው ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ያለው አጥሬ ላይ ቀይ ቀለም ቀቡ። መንገዱ ሊሰፋ ነው፤ አጥሬ ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። በሦስቱ ሜትር ውስጥ አንዲት የቡና ዛፍ አለችኝ። ቅጽ የያዘችው ቀያሽ ሃያ ሦስት ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጫማዋ ገና ጭቃ አልለመደም። ዛፏን በብዕሯ ጫፍ እየጠቆመች፣ «እትዬ፣ ይቺ ቡና ነባር ናት ወይስ አዲስ?» አለችኝ።

እትዬ መባሉን ገና እየዋጥኩት ነበር፤ አርባ እንኳ አልሞላኝም። ጥያቄው ግን አልዋጥ አለኝ። ነባር ወይስ አዲስ። እኔም በጊዜዬ ቅጽ ይዤ ይህንኑ ጥያቄ ሰው ፊት አስቀምጫለሁ። «ነገ ነይ፣ አስቤ እነግርሻለሁ» አልኳት። ልጅቷ «ይሄ ደግሞ ምን ማሰብ ይፈልጋል?» በሚል ዓይን አየችኝና ወደ ጎረቤት አለፈች።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ውጤቴ መሰናዶ አላስገባኝም፤ ቤት ቁጭ ብሎ ባል መጠበቅ ደግሞ የእኔ ነገር አይደለም። እናቴ «እግርሽ ውስጥ ጉንዳን አለ» ትለኝ ነበር፣ እውነቷን ነው። ከአጋሮ ወዲያ ባለች አንዲት የቡና ከተማ የወረዳው ደን ዴስክ በኮንትራት ጸሐፊ ይፈልጋል ሲባል ልብሴን በፌስታል ቋጥሬ ሄድኩ። የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ እስከ ዛሬ ዘመድ አለኝ። ያረፍኩት አክስቴ ዘነበች ቤት ነው። በልጅነቴ ቡና ለቀማ ሲደርስ በየዓመቱ ከትምህርት ቤት እየጠፋሁ እሷ ዘንድ ስለምከርም አገሩ እንግዳ አልሆነብኝም።

ሥራዬ ጋሼ ተፈራን ተከትዬ ጫካ ለጫካ እየዞርኩ ቅጽ መሙላት ነበር። ጋሼ ተፈራ የደን ባለሙያ ነው፤ የመንዝ ሰው፣ ቀጭን፣ ዘነበም አልዘነበም ጥቁር ጃንጥላ ከእጁ የማይለይ። ሕጉ አጭር ነው። ደኑ ሲከለል ከመስመሩ ውስጥ የነበረ ቡና «ነባር» ይባላል፣ ባለቤቱም እየለቀመ ይኖራል። ከዚያ ወዲህ የተተከለ «አዲስ» ይባላል፣ ይነቀላል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ያው ወረዳ፣ ከእኛ ቢሮ በአንድ ግድግዳ የሚለይ የቡና ዴስክም ነበረው፤ እሱም የራሱ ዕቅድ ነበረበት። እነሱ ጧት ችግኝ ያድላሉ፣ ገበሬው ጥላ ፍለጋ ደን ውስጥ ገብቶ ይተክለዋል፣ እኛ ከሰዓት ሄደን «ይነቀል» ብለን እንጽፋለን። ጋሼ ተፈራ «መንግሥት ከራሱ ጋር ተጣልቷል» ይል ነበር። «እኛ ገላጋይ ነን። ዱላ ደግሞ የሚያርፈው ገላጋይ ላይ ነው።» ቀልድ ብቻ አልነበረም፤ በዚያው ክረምት በሌላ ቀበሌ አንድ የደን ጠባቂ ትከሻውን በመጥረቢያ ተመትቶ ጅማ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር።

የምነግራችሁ ቀን ነሐሴ ውስጥ ነው። የዚያ አገር የነሐሴ ጭቃ ቀይ ነው፤ ጫማ ከያዘ አይለቅም። አክስቴ ጧት የቀቀለችውን ጎደሬ ከሚጥሚጣ ጋር በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ሰጥታኝ፣ እኔና ጋሼ ተፈራ እየተካፈልን ሁለት ሰዓት ሙሉ ዳገት ወጣን። የምንሄድበት ቦታ ከምንጩ በላይ ነው። ከተማዋ የምትጠጣው ከዚያ ምንጭ ነበር። ከዚህ በፊት ሌሎች ሁለት ምንጮች ነበሯት፤ በላያቸው ያለው ደን ከተመነጠረ ወዲህ በጋ በገባ ቁጥር ይደርቁ ጀመር። የቀራት ይኼው አንዱ ነው። ከምንጩ በላይ ምንጣሮ አለ የሚል ጥቆማ ስለደረሰን ነው የወጣነው።

ስንደርስ አምስት ሽማግሌዎች ቆመው ጠበቁን። ፊት የቆሙት የቡናው ባለቤት አባ ቢያ ናቸው፤ ረጅም፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ከተማው ሁሉ የሚነሳላቸው ሰው። ከኋላቸው አርባ የሚሆኑ የቡና ዛፎች አሉ። ግንዳቸው ወፍራም ነው፣ ከወገብ ተጎንድለዋል፤ ያረጀ ቡና እንደ አዲስ እንዲያቆጠቁጥ እንደሚቆረጠው ማለቴ ነው። ማንም ሰው ቢያየው የሠላሳ አርባ ዓመት ቡና ነው።

«አባ ቢያ፣ ይሄ ቡና መቼ ተተከለ?» አለ ጋሼ ተፈራ።

«አንተ ሳትወለድ።»

«ሽማግሌዎቹ ይመሰክራሉ?»

ሽማግሌዎቹ ጭቃውን ያያሉ። አባ ቢያ ቆባቸውን አወለቁ። «ወላሂ! ይሄን ቡና የተከለው የአባቴ እጅ ነው። ውሸቴን ከሆነ ፍሬውን አላህ አያቅምሰኝ።»

በዚያ አገር ሽማግሌ ከማለ ወዲያ ጥያቄ የለም። ጋሼ ተፈራም ያውቃል። ወደ እኔ ዞሮ «ነባር ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

ብዕሬን ከኪሴ ሳወጣ እግሬ አዳለጠኝና አጠገቤ ያለውን የቡና ግንድ ያዝኩ። መዳፌ አረንጓዴ ሆነ።

ቡና ለቅሞ ያደገ ሰው ግንድ በየት በኩል እንደሚያዝ አያስብም፤ እጁ ያውቃል። በዚያ ዳገት ጉም የሚነሳው ከሸለቆው ነው። ስለዚህ ሁሉም ዛፍ በሸለቆው በኩል ሽበት የምንለውን ግንድ ላይ የሚለጠፍ አረንጓዴ እርጥብ ፀጉር ያበቅላል፣ በዳገቱ በኩል ደረቅ ነው። ሽበቱ ስለሚያዳልጥ ለቃሚ ሁሉ የሚይዘው በደረቁ በኩል ነው። እኔም የያዝኩት በዳገቱ በኩል ነበር። ቀና ብዬ ሌሎቹን አየሁ። አንዱ ሽበቱን ወደ ዳገቱ አዙሯል፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ሸለቆው። «ወደ ቀኝ ዙር» ሲባሉ ግማሹ ቀኙ የጠፋበት ምልምል ወታደር ይመስላሉ።

መቼም አፌን መያዝ አልችልበትም። «ጋሼ! ይሄ ቡና ዞሯል እኮ!»

«ምን ሆኗል?»

«ዞሯል! ሽበቱን እየው። ከሌላ ቦታ ተነቅሎ መጥቶ ነው። ሲተክሉት አዙረውታል።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቀስ ብሎ በኦሮምኛ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀ። «የዘነበች የእህት ልጅ» አለው ሌላው፣ እኔ እንድሰማ በአማርኛ። «ይሁና። ዘነበችን ዕድር ላይ እናገኛታለን።»

ጋሼ ተፈራ ጎንበስ ብሎ የአንዱን ዛፍ ሥር በገጀራው ጫፍ ገላለጠ። አፈሩ ልል ነው፤ ግንዱ አንገት ላይ ድሮ አፈር ውስጥ የነበረው ክፍል እንደ ቀለበት ነጥቶ ይታያል። ከዚያ ቀና አለ። «አባ ቢያ፣ ማሉ እኮ።»

«ማልኩ። አልዋሸሁም።» ቆባቸውን አድርገው፣ እኔን አንድ ጊዜ አይተውኝ ወረዱ። የተያዘ ሰው አስተያየት አልነበረም። በጊዜው ግን ድፍረታቸው ነው የገረመኝ። ቅጹ ላይ «አዲስ» የሚለውን አክብቤ «ይነቀል» ብዬ ጻፍኩ። አጻጻፌ ሳይቀር ያምር ነበር።

በማግስቱ ጧት ሻይ ቤት ገባሁ።

«ዳቦ አለ?»

«አልቋል።»

ዳቦው ከመስተዋቱ ጀርባ ተደርድሮ ይጨሳል። «ያ ምንድን ነው ታዲያ?»

«የሰው ነው፣ ታዟል።»

«ሻይስ?»

«ውሃ የለም መሌ፤ የለም እኮ» አለችኝ አስተናጋጇ፣ ማንቆርቆሪያው እየፈላ።

የሰደበን የለም። ድንጋይ የወረወረም የለም፤ ቢወረውሩ ይሻለኝ ነበር። ሰላምታ ስንሰጥ ይመልሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር አልቋል፣ የለም፣ ታዟል። ጋሼ ተፈራን ያከራየው ሰው ቤቱን ለልጁ እንደፈለገው በትሕትና ነገረው። ጢም አስተካካዩ ወንበር ላይ አስቀምጦት ግማሽ ፊቱን ከላጨው በኋላ አንድ ሰው ገብቶ ጆሮው ላይ ሹክ አለው። ሰውየው ምላጩን ጠረገና «መብራት ጠፋ» ብሎ አስነሳው። በምላጭ እየላጨ! ጋሼ ተፈራ በግማሽ ጢም ቢሮ ገብቶ «የወረዳው ሁለት ዴስክ ፊቴ ላይ ወጣ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። በር በተንኳኳ ቁጥር ዓይኑ ወደ በሩ ይሄድ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አክስቴ ከምንጩ ባዶ ጀሪካን ይዛ ተመለሰች። ጀሪካኑን ደጃፉ ላይ ጣለችው።

«ተራዬን አሳለፉብኝ። ሃያ ዓመት የቀዳሁበት ምንጭ!»

«እኛ ለምንጩ ብለን አይደል እንዴ? ያ ደን ከተመነጠረ እነሱም…»

«ዝም በይ! አፍ ብቻ! ቡናውን ከየት እንዳመጡት ጠይቀሻል?»

አልጠየቅኩም ነበር። አክስቴ ነገረችኝ። የአባ ቢያ ጓሮ መንገድ ዳር ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ለከተማ ማስፋፊያ ፈለገውና በሰኔ መጨረሻ በሳምንት ውስጥ አንሳ አላቸው። ምትክ መሬት ይሰጥሃል ተባለ፤ አልተሰጣቸውም። ጓሮው ውስጥ ያለው ቡና አባታቸው የተከሉት ነው።

«ጎነደሉት፤ ከነልጆቻቸው በትከሻ ተሸክመው አርባውን ዳገት አወጡት። ከተማው በሙሉ አይቷል። ሽማግሌዎቹም አይተዋል። ምን ያድርጉት ነበር? ማገዶ?»

መሐላው እውነት ነበር ማለት ነው። የአባታቸው እጅ የተከለው ቡና ነው። መሬቱን ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም አልማሉበትም።

ጀሪካኑን እንኳ ሳላነሳ ወደ ቢሮ ሮጥኩ። ጋሼ ተፈራ ዳቦ የሚሸጥለት ስለጠፋ ከጅማ ያመጣውን ቆሎ ከኪሱ እየቆረጠመ ነበር። የሰማሁትን ነገርኩት፤ ከማን እንደሰማሁም ጭምር። ቅጹን ሳበ። ነባር የሚለውን አላከበበም፣ አዲስ የሚለውን ሰረዘው። ዳር ላይ «ምርመራ» የምትል ጠባብ ረድፍ አለች። እዚያች ላይ እንደ ጉንዳን ባነሰ ጽሕፈት ጻፈ፤ ዛፎቹ ነባር መሆናቸውን፣ ቦታው አዲስ መሆኑን፣ የባለቤቱ ጓሮ ያለ ምትክ መወሰዱን፣ ከምንጩ በላይ መቆየት እንደሌለባቸው፣ ከመነቀላቸው በፊት ግን ማዘጋጃ ቤቱ መሬት እንዲሰጣቸው። ምንጩንም አልለቀቀም፣ ሰውየውንም አልለቀቀም።

«ጋሼ፣ ይሄ መዘዝ ያመጣል።»

«ያመጣል» አለና ቅጹን ፈረመው።

ሳምንት ሳይሞላ ግምገማ ተጠራ። በዚያ ዘመን ግምገማ ምን እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል፤ ሥራህ ይታያል ተብለህ ገብተህ አንተ ራስህ ትታያለህ። አዳራሹ በፕላስቲክ ወንበር ተሞልቷል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የወረዳው አስተዳዳሪ ቅጹን ከፍ አድርጎ አሳየ።

«አቶ ተፈራ፣ ደን ዴስክ ነህ ወይስ ማዘጋጃ ቤት? ነባር በል፣ ሕዝቡ ይረጋጋል። አዲስ በል፣ ሚሊሻ ልኬ አስነቅላለሁ። ሁለቱም ይመቸኛል። ይቺ ዳር ላይ የሞነጫጨርካት ግን የልማት እንቅፋት ናት። ማን ነገረህ መሬት ያለ ምትክ ተወሰደ ብሎ?»

«ጸሐፊዋ ሰምታለች።»

ወንበሩ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አስተዳዳሪው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሺ እህቴ። ከማን ሰማሽ?»

አንድ ስም ነው የጠየቀኝ። አክስቴ ያን ሻይ ቅጠልና ጨው የምትሸጥባትን ሱቅ የከፈተችው በማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ነው። የእኔ ኮንትራት ደግሞ በመስከረም ይታደሳል። ዳገቱ ላይ ማንም ሳይጠይቀኝ የጮህኩት ሰው፣ ተጠይቄ፣ «አላስታውስም» አልኩ።

ጋሼ ተፈራ ዞር ብሎ አላየኝም። «ልጅቷ ጸሐፊ ናት» አለ። «ያልኳትን ነው የምትጽፈው። ነገሩ የእኔ ነው።»

ቅጹ ላይ «አዲስ» የሚለው በቀይ ተከበበ። ጋሼ ተፈራ ቆላ ወርዶ የከሰል መኪና የሚፈትሽ ኬላ ላይ ተመደበ።

ሊነቀል በተቆረጠው ቀን ጧት፣ ለርክክብ ብሎ የቆየው ጋሼ ተፈራ፣ እኔና አንድ ሚሊሻ ዳገቱን ወጣን። ደም ይፈሳል ብዬ ከሚሊሻው ኋላ ኋላ እሄዳለሁ። ከላይ የቁፋሮ ድምፅ ይሰማል። አባ ቢያ ቀድመውን ደርሰዋል። ራሳቸው እየነቀሉ ነው። እያንዳንዱን ዛፍ ከነአፈሩ እያወጡ ሥሩን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው መንገዱ ዳር ያቆማሉ። ከታች ደግሞ ሰው ይመጣል፤ የሻይ ቤቷ አስተናጋጅ፣ ጢም አስተካካዩ፣ የጋሼ ተፈራ አከራይ። እያንዳንዳቸው አንድ ዛፍ እየተሸከሙ ይወርዳሉ። አንድ ሰው አርባ ቡና የሚያቆምበት መሬት ባይኖረውም፣ ከተማው ጓሮ ለጓሮ አርባ ጉድጓድ አያጣም። ሚሊሻው መጀመሪያ ጠመንጃውን ተደግፎ ያይ ነበር፤ ኋላ ጠመንጃውን ጀርባው ላይ አዞረና አንዷን ተሸከመ።

ጋሼ ተፈራ ጃንጥላውን አጥፎ ተራ ያዘ። አባ ቢያ አዩት። «አንተ የምትሄድበት አገር ቡና አይበቅልም አሉ፤ ፀሐዩ ይገድለዋል።»

«ጃንጥላ አለኝ» አለ።

አባ ቢያ ሳቁ፣ አንዷን ዛፍም ሰጡት። ከዚያ እኔን ጠሩኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ነይ።» ልጄ ማለታቸው ነው። «ለዛፍ መሰከርሽ፣ ለሰው ዝም አልሽ አሉኝ።»

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ከመንገዱ ዳር አንዷን ዛፍ አነሱ። «መሸከም ትችያለሽ? በይ ይቺን ውሰጂ። እኔ ቸኩዬ አዙሬ ነው የተከልኳት። አንቺ አትቸኩዪ።»

ተሸክሜ ወረድኩ። አፈሩ እየረገፈ አንገቴ ውስጥ ይገባል። ምንጩ ዘንድ ስደርስ ከሚቀዱት ሴቶች አንዷ ብድግ ብላ በጣሳ ውሃ ቀዳችና ዛፏ ሥር አፈሰሰችላት። ለእኔ አልሰጠችኝም። የአክስቴ ተራ በሳምንቱ ተመለሰላት።

ኮንትራቴ በመስከረም አልታደሰም። ያ «አላስታውስም» ያተረፈልኝ ሦስት ሳምንት ደመወዝ ነው። ዛፏን በአይሱዙ ጭኜ ጅማ ገባሁ፤ እዚህ አጥሬ ሥር ተከልኳት።

ስለ ሽበቱ በመጮኼ አልጸጸትም። ምንጩ ዛሬም በየካቲት ይፈሳል፣ አይቼዋለሁ፤ ያ ቡና እዚያ ቢቆይ ኖሮ ዓመት ሳይሞላ አራት መቶ ይሆን ነበር። የሚቆረቁረኝ አዳራሹ ነው። ጋሼ ተፈራን ከዚያ ወዲያ አላገኘሁትም፤ ዛፉ ይብቀልለት አይብቀልለት አላውቅም። አባ ቢያ ምትክ መሬት ሳያገኙ ሞቱ። አክስቴም አምና አረፈች።

ቀያሿ ልጅ በማግስቱ መጣች። «አሰቡ፣ እትዬ?»

«አሰብኩ። ጻፊ» አልኩና ከመጀመሪያው ነገርኳት። መሃል ላይ ብዕሯን አወረደች።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ እኮ አይገባም። ነባር ወይም አዲስ ነው ያለው።»

«ዳር ላይ ምን ይላል?»

አየችው። «ምርመራ።»

«እዚያ ጻፊ።»

«ጠባብ ናት።»

«አውቃለሁ። ፊደልሽን አሳንሺ።»

ትንሽ ጻፈችና ቀና አለች። «አለቃዬ ይሄን ከማን ሰማሽ ቢለኝስ?»

«ከእኔ፣ ከሰናይት በይው። እኔ ከማን እንደሰማሁም ጻፊለት፤ ከአክስቴ ከዘነበች።»

ጻፈችው። ስትሄድ ከቤት ቀይ ክር አምጥቼ ዛፏ ግንድ ላይ ፀሐይ በምትወጣበት በኩል ቋጠርኩ። ዝናቡ ሲገባ ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ አዛውራታለሁ፤ ፊቷ ወዴት እንደነበር እንዳይጠፋኝ።